ከጭምብሉ ስር
ጓዴ፣ በጤና አለሁ፤ የትወና ትምህርቱ ግን አሳሬን እያሳየኝ ነው። ባለፈው ወር በዘመነኛው ትወና «የራስሽን ሐዘን አስታውሺ» ስባል ዓይኔ ደርቆ ቀረ። አሁን ጥንታዊው የጭምብል ትወና ላይ ነን፤ ድምፅ የለም፣ ጭምብሉንም ካጠለቁ በኋላ በእጅ መንካት ክልክል ነው። የኛው የአገር ቤት ቲያትር አዘጋጅ «ከኋላ ላሉት ይሰማ!» እያለ የሚጮኸው ናፈቀኝ። ትናንት በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ያቃታት አሮጊት ሆኜ ስሠራ፣ እጄ ቁርጥ የእማዬን እጅ መሰለኝ። እንባዬን መጥረግ ስለማልችል በአገጬ ተንጠባጠበ። አስተማሪያችን ጭምብሉን ስትቀበለኝ ውስጡን ዳሰሰችና እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አሰጣችው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። አባባን ሳምልኝ። እህቴ የእማዬን መርዶ በስልክ ስትነግረኝ «አላለቀሰችም» ብላ እስካሁን እንደተቀየመችኝ ነች። ጭምብሉ ዛሬም እንዳልደረቀ ለእሷ ንገርልኝ።