ከመሐላው ያልተፈታው አዛዥ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
ወንድሜን አምሃን ወደ ኩላሊት እጥበቱ ወስጄ መለስኩት። ሊፍቱ ሞልቶ ሃያ ደቂቃ ቆምን፤ የስደት ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን እንዲህ ነው። አምሃ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኮሌታውን ዛሬም እኔ ነኝ የማስተካክለው። ዓይኑ ስለደከመ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን አነበብኩለት፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ። በጃፓን በመጨረሻው ሾጉን፣ ማለት በጦር ገዢው፣ ዘመን የነበረ የሳሙራይ ጦረኞች አዛዥ ታሪክ ነው። የድሮ ሻለቃ ሌላ ምን ያስነብባል?
"ቀስ በይ እንጂ እትዬ፣ ፈተና ላይ አይደለሽም" አለ፤ አስተማሪነቴ ዛሬም አለቀቀኝም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
አልሄድም አለ። "በቃኝ። ከማሽኑ ወርጄ ገና ሰው ሳልሆን ይመልሱኛል።" ካቆመ ይሞታል... ያውቃል። ነርሷ ኤደን ጋ ደወልኩ።
"እማማ፣ እሳቸው ሪፊውዝ ካደረጉ ፎርስ ማድረግ አንችልም።"
እምቢታና ማስገደድ በአማርኛ ስም አጥተው ነው?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ
ታላቅ እኅቱ ነኝ። "በአባታችን አጥንት ገዝቼሃለሁ፣ ተነሥ!" አልኩት። ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። አሸነፍኩ...

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ማክሰኞም ሄደ፣ ዛሬም ሄደ። እጥበቱ ላይ ደም ግፊቱ ወረደ። አስመለሰው፤ ተንቀጠቀጠ።
"አባባ፣ ላቁመው?" አለችው ኤደን።
"እሷን ጠይቂ" አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።
ምን ልበል? ብርድ ልብሱን ሳብኩለት እንጂ አቁሚ አላልኩም። ማሽኑ ቀጠለ።

ኅዳር 15፣ እሑድ
መጽሐፉ ውስጥ ሾጉኑ ሥልጣኑን አስረክቦ መቅደስ ውስጥ ተቀምጧል። ለሾጉኑ የማለው አዛዥ ግን በበረዶ ወደ ሰሜን እያፈገፈገ ይዋጋል። እንደማያሸንፍ ያውቃል።
"ምናለ ቢተወው?" አልኩ።
"ማን ከመሐላው ፈታውና?" አለ አምሃ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
ከዚያ ወዲያ ማንበብ አቃተኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ
የንስሐ አባታችን አባ ዑራኤል ጋ ደወልኩ፤ እሳቸውም ያስገድዱልኝ ብዬ።
"የገዘቱት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ እታገኝ። የሚፈቱትም እርስዎ።"
"ብፈታው ይሞታላ!"
 ደግሜ ብጠይቃቸውም መልሳቸው ያው ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ
ካፖርቱን ለብሶ በር ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።
"ፈትቼሃለሁ" አልኩት።
"በደንብ በይው እንጂ። ተማሪ ቢያልጎመጉምብሽ ትቀበዪው ነበር?"
"በአባታችን አጥንት የገዘትኩህን... ፈትቼሃለሁ።"
ካፖርቱን እኔው አወለቅኩለት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ
የእጥበት ቀን ነው። ቤት ነን። ብርቱካን አማረኝ አለ። ሐኪም ስለከለከለው አራት ዓመት አላስነካሁትም። ላጥኩለት። በልቶ ጣቱን ላሰ።
"አንድ ብቻ? አንቺ ንፉግ!"
ሁለተኛውን ላጥኩ።