ሠላሳ አንድ ስም፣ አንድ አድራሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት 2፡30

ደብተሬ፣ ዛሬ ክስ አለኝ። ተከሳሹ ማራገቢያው ነው። ፊቱን የሚያዞረው ወደ ደንበኛ ወንበር ብቻ ነው፤ እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል ቀጭ ብሎ ይመለሳል። በጋምቤላ ሙቀት ይህ ወንጀል ነው። በገመድ አሰርኩት፣ በጠሰው። ተሸንፌ ጠረጴዛዬን አዞርኩ። አሁን ፎቶ ኮፒ የማነሳው ለደንበኛ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው።

እሺ። ማራገቢያውን የማነሳው ሌላውን ላለማንሳት ነው።

ትናንት የኢንተርኔት መድረኬን ቆጣሪ ሠርቼ ጨረስኩ። እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማን እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የቱን ጽሑፍ እንዳነበበ፣ መልስ ሰጥቶ ወይም ዝም ብሎ እንደወጣ ያሳያል። ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደመጣም በቁጥር ይመዘግባል። ደስ አለኝ። ለዓሣ ወሬ፣ ለመንገድ ወሬ፣ ለመቲ ቡና ወሬ ብዬ የከፈትኩት መድረክ ለካ ነፍስ አለው! ከሁሉ የሞቀው የዲማ ክፍል። ወርቅ ቆፋሪዎቹ ለቤተሰብ "ደህና ነኝ" የሚሉበት።

ከዚያ አድራሻዎቹን አየሁ። ከዲማ ሠላሳ አንድ ስም። አድራሻው የሁሉም አንድ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ምሳ ሰዓት

ሄለን ናት። ሌላ ማን ይሆናል?

የእህቴ ልጅ። ዲማ ነርስ ናት። ኮምፒውተር ያስያዝኳት እኔ፤ የዲማን ክፍል የምትጠብቀው እሷ። ክረምት ላይ መድረኩ ሞቷል፣ ልዘጋው ነው ብዬ አልቅሼባት ነበር። በሳምንቱ የዲማ ሰው ጎረፈ። በሳምንቱ! እኔ ሞኙ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ሠላሳ አንዱም የሚገቡት እሷ ከሥራ ስትወጣ ነው፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2። ሠላሳ አንዱም ያመሰግኗታል።

የውሸት ስም እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። "አቶ አዞ" እኔ ነኝ። በእሱ ስም ጉማሬ ግብር ይክፈል አይክፈል ብዬ ከራሴ ጋር አንድ ሳምንት ተከራክሬያለሁ። ያ ግን ለሳቅ ነው። የእሷ ለምጽዋት። አጎቷን እንደ ሕፃን አባበለችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ደወልኩ። በቀልድ ጀመርኩ።

"ሠላሳ አንድ ልጅ ስትወልጂ ለአጎትሽ አይነገርም?"

ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ። የቆጣሪውን ነገር ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ቆይ ላስረዳህ፣ እዚህ እኮ..."

ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች፣ አላነሳሁም። ሠላሳ አንዱንም ስም ከመድረኩ አጠፋሁ፣ ከነጽሑፋቸው። ትንሽ ደስም አለኝ።

11 ሰዓት። መልእክት ከእሷ። "እርስዎ እንዳሉ ይሁን።"

እርስዎ! ከልጅነቷ አንተ ትለኝ የነበረች ልጅ። መሰደብ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጎብኚ 7። መልስ 0። አማካይ ቆይታ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ቢያንስ እውነተኛ ቁጥር ነው። እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ባሮ ዳር ወርጄ የሚታጠቡትን አየሁ። ከማንም ጋር አልቀለድኩም። አሞህ ነው? ተባልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጭራሽ እናት ፈጠረችልኝ!

አዲስ ስም፣ የሺ፣ ከጎጃም። ልጄ ተክሌ በየቅዳሜው እዚህ ይጽፍልኝ ነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ስሙም ጽሑፉም ጠፋ፣ ያየ ይንገረኝ ይላል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፍልኝ የጎረቤት ተማሪ ናት ይላል። ተክሌ ካጠፋኋቸው አንዱ ነው። አድራሻው ግን ከዲማው ይለያል። ቢለይስ? ስልክ ቀይራ ነዋ። ሄለንዬ፣ አንጀት መብላት ማን ያስተማረሽ መሰለሽ?

አቶ አዞን ቀሰቀስኩት። መልስ ሰጠ፦ "ልጅሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ጨው ትንሽ ጎድሎት ነበር።"

ብቻዬን ሳቅሁ። ሳምንት ሙሉ ስቄ አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከሰዓት 9፡00

ደብተሬ፣ ስማኝ።

የስልክ ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም፤ የእኔ ሱቅ ዋይፋይ ብቻ ይሠራ ነበር። ሦስት ሰዎች መጥተው ተቀመጡ፦ አንድ መምህር፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ ኦሞድ። ኦሞድ ባሮ ላይ ሰው በጀልባ የሚያሻግር ወዳጄ ነው። ሦስቱም በየስልካቸው መድረኩን ከፈቱ። ቆጣሪውን አየሁ። የእኔን ጨምሮ አራት ስም። አድራሻው አንድ።

ተበላሸ ብዬ ጮህኩ። ኦሞድ አንገቱን አስግጎ አየ፣ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

"አንተ ጀልባ ነው የምትቆጥረው?" አለኝ። "የኔ ጀልባ አንድ ነው። ሰው ግን አሥርም ይሻገራል።"

ሦስቱም ሳቁ። እኔ ወንበር ፈለግሁ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ሄለን ጋ ደወልኩ። አነሳች። በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ኔትወርክ የሚይዘው እሷ የምትሠራበት ግቢ ብቻ ነው። ከሥራ ስትወጣ ስልኳን መስኮት ላይ አስቀምጣ ኢንተርኔቷን ለሁሉም ትከፍታለች። ቆፋሪዎቹ መስኮቱን ከብበው ቆመው ይጽፋሉ። ክረምት ላይ ልዘጋው ነው ስላት የሠራችው ይህንን ነው። ስም አልፈጠረችም፣ ሰው ጠራች።

ይቅርታ አልኳት።

"ለእኔ አይደለም፣ ለእነሱ ይንገሩ" አለችኝ።

አሁንም እርስዎ።

ሠላሳ አንዱንም መለስኩ። ይቅርታ ጻፍኩ። የአቶ አዞን መልስ ደመሰስኩ። ለየሺ፣ ልጅዎ ደህና ነው፣ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ተክሌ ጻፈ። "እማዬ ደህና ነኝ። ስሜ ጠፍቶ ነበር አሉ። ቅዳሜ እጽፋለሁ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቱ አላነበበችውም። የእኔንም አላነበበችውም። ቆጣሪው የሺ ከሐሙስ ወዲህ አልገባችም ይላል። ሐሙስ የቆየችው አርባ ደቂቃ፣ የከፈተችው ጽሑፍ አንድ። የአቶ አዞ መልስ።

አንድ መስመር ነበር። አርባ ደቂቃ ምን ሲያነቡ ቆዩ? መቁጠር ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

የስልክ ቁጥር የላትም። ሄለን ተክሌን ፈልጋ እናቱ ጋ እንድታስደውለው ነገርኳት። ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ማታ ይወጣል አለች። ማታ ደወለልኝ። የእናቴ ጎረቤት ስልክ አይሠራም አለኝ። ድምፁ ልጅ ነው። አልተቆጣኝም። ስሜን ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት 4፡00

በር ተንኳኳ። የእኔ ደንበኛ አያንኳኳም፣ ዘው ነው የሚለው።

ሴት ናት። ስልሳ ይሆናታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጫማዋ የመንገድ አቧራ ነው። ሦስት ቀን በመኪና። በእጇ ተማሪዋ የጻፈችላት ወረቀት፣ መድረኩ ግርጌ ላይ ካለው የተገለበጠ የሱቄ ስም።

አቶ አዞ የሚባሉ ሰው እዚህ አሉ ወይ አለችኝ። ልጄን እሳቸው ናቸው ያዩት። አዞ እንደበላው ጽፈውልኛል። የት ወንዝ ላይ እንደሆነ ያሳዩኝ፣ አፈር ባላለብሰውም ውሃውን አይቼ ልመለስ።

የጻፍኩትን እንዲህ ሰምታዋለች። ጨዋታውን ማን ያንብብላት?

ተቀመጡ አልኳት። ውሃ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ይህን የምጽፈው የምላትን ለመደርደር ነው።

መጀመሪያ፣ ልጅዎ አለ። ድምፁን ትናንት ሰምቻለሁ። አሁን ሄለን ጋ ደውዬ አስጠራዋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛው፦ አቶ አዞ እኔ መሆኔ። አቶ አዞ ወጥተዋል፣ አገር ለቀዋል ብላት ታምነኛለች። ማንም አያውቅም። ሄለንም አታውቅም። ልጇን ካገኘች ምን ይጨምርላታል? እያልኩ ነው፣ ደብተሬ። ሠላሳ አንድ ስም ሳልጠይቅ ያጠፋሁ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ የራሴን ልደብቅ ነው።

አይ። ሁለቱንም እነግራታለሁ። ቁጭ ብዬ፣ ፊቷን እያየሁ።

ጌታዬ፣ አይድከሙ፣ ውሃው ይቅር ትላለች ከወዲያ። መጣሁ እማማ፣ መጣሁ።