ኮኳ የለበሰችው ካፖርት

መጋቢት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ስኮትዴል

ሟች ባለቤቴ የተከለቻት ትንሿ የኮክ ዛፍ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበች። ሬዲዮው ደግሞ ዛሬ ሌሊት ውርጭ አለ ይላል። ከሥሯ ላጨስላት ደረቅ ቅጠል ስሰበስብ ልጄ ከቤት ሮጣ ወጣች።

«አባዬ፣ ተው እንጂ! በዚህ ድርቅና ነፋስ እሳት ክልክል ነው። ሰፈሩን ልታቃጥለው ነው?»

«ታዲያ ብርድ ይግደላት?»

«ልብስ አልብሳታ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ገብቼ የእናቷን ካፖርት አመጣሁ። ከሞተች ወዲህ ከተሰቀለበት አውርጄው አላውቅም ነበር። ለዛፏ ደርቤ እስከ ላይ ቆለፍኩላት፤ ባለቤቴ በታመመች ጊዜ አደርግላት እንደነበረው። ልጄ ሳቋን ትታ እጅጌውን አስተካከለች።

ስለ አበባ ይጸለያል ወይ? እንጃ፤ እኔ ግን ጸለይኩ። አሁን በመስኮት ሳያት የበረዳት አትመስልም።