አራት ቅኝ ግዛቶችን አጋብተው ለተመለሱት እንደራሴያችን

ለተከበሩ ሚስተር ሃርግሪቭ፣
በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት አባልና የወረዳችን እንደራሴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንግሊዙንና የሆላንድ ዘር የሆነውን ቦዌር በአንድ አገር ለማስተቃቀፍ ደርባን ላይ ሲደክሙ የባሕሩ ወበቅ ጤናዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የፔዲ ወረዳ ሰዎች ደህና ነን፤ ድርቁም ደህና ነው።

እኔ ኖዋንዲሌ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስምዎን በየመንደሩ ተሸክሞ ሲዞር የኖረው የጎዱካ ሚስት ነኝ። ሴት በመሆኔ ድምፅ ስለሌለኝ፣ እርስዎ ለማታለል ካልደከሙባቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ለመሆን በቅቻለሁ።

፩ኛ፤ ለደርባኑ ጉባኤ ሊሄዱ ሲሉ ቤታችን በግ አርደን አብልተንዎታል። የባለቤቴን ትከሻ ይዘው፣ «ጎዱካ ወንድሜ፣ የጥቁሩን ድምፅ ከነኩት ስብሰባውን ረግጬ ነው የምወጣው» ብለው ነበር። ሌሎች «ወንድሜ» ሳይሉም ያታልሉናልና ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አራቱን ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር የሚያደርገውን ውል እርስዎ ራስዎ አነበቡልን። በሌሎቹ ሦስት ቅኝ ግዛቶች ያሉ ወገኖቻችን እንደ ድሯቸው ያለ ድምፅ ይቀጥላሉ፤ እኛ የኬፕ ሰዎች እንመርጣለን፣ ግን ነጭ እንጂ ጥቁር ምክር ቤት አይገባም፤ ይህችንም ቢሆን ነጮቹ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊነጥቁን ይችላሉ። ጎዱካ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ታዲያ ረግጠው ወጡ?» አለ።

«አንተ አስተዋይ ሰው ነህ እኮ፤ አገር ሲሠራ ሁሉም የየድርሻውን ያዋጣል» አሉት።

«እርስዎስ ምን አዋጡ?»

ሰዓትዎን አዩና ባርኔጣዎን አነሡ።

የቀረው ቅሬታዬ በቁጥር አይወሰንም። እርስዎ እንደወጡ ጎረቤታችን ሽማግሌው ምቢዜኒ፣ «ልጄ፣ እኛ እሳቸውን አናውቃቸውም፤ የመረጥናቸው አንተን አምነን ነው» አሉት። ባለቤቴ ምግብ አልበላም። ከማግስቱ ጀምሮ ለእርስዎ በቀሰቀሰባቸው ደጆች ሁሉ እየቆመ፣ «አሳስቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። ሐፍረቱ የእርስዎ ነበር፤ እንደ ሻንጣዎ ሌላ ሰው ተሸከመልዎት። ደግነቱ ሰዉ ደጁን አልዘጋበትም፤ ውሉን የምንቃወምበትን አቤቱታ ለንደን ላለው መንግሥት ከሚያደርሱት ሰዎች ጋር እንዲሄድ መርጠውታል። ምርጫ እንዲህም ይደረጋል ለካ።

ሹመትዎ እንዲሰነብት፣ እንቅልፍዎም ከእኛ እንቅልፍ እንዲሻል እየተመኘሁ፣ ድምፅ ሳይኖረኝ ብዙ የተናገርኩት

ኖዋንዲሌ፣ የጎዱካ ባለቤት
ፔዲ፣ እ.ኤ.አ. ፲፱፻፱

ማስታወሻ፦ አዳራሹ ላልመጡት አማቴ አዲሱ አገር «ኅብረት» እንደሚባል ነገርኳቸው። «የእነማን?» አሉኝ። እኔ ለመመለስ አፈርኩ፤ እርስዎ ግን ስለማያፍሩ ቢጽፉላቸው።