በረዶ የመታው ዳጉሳና የድንጋዩ ቅጠል

ሰኞ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፮

ዛሬ በረዶን በግንባሬ መለስሁት። እሺ፣ ግንባሬ ላይ እንቅብ ደፍቼ ነበር። እንቅቡም ተበስቷል። እኔ ግን አለሁ።

ዳጉሳዬ ነው የሌለው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የእኔን የሚያህል አልነበረም፤ አሁን በሬ የተኛበት ሣር መስሏል። ገና በረዶው ሳይቀልጥ ጎረቤቴ አያ ተገኘ መጡ። እኛ ዘንድ በረዶ የጨረሰው ማሳ ለሰፈሩ ከብት ይለቀቃል።

«የሞተ አይጠበቅም፣ ልጄ። ከብት ይብላው።»

«አልሞተም» አልኋቸው።

«እንግዲያ አሸልቦታል?» ብለው ሳቁብኝ።

ይሳቁ። ይኸ ማሳ ከጠፋ ልጆቼ ከርሞ የሚበሉት የለም። አልለቅም!

ማክሰኞ

ማታ ትምህርት ቤት። ከሁሉ ቀድሜ ፊደል የጨረስሁ እኔ ነኝ (ሁለተኛ)። መምህሩ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ አሳዩን። ቅጠሉ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ጭቃው ድንጋይ ሆኖ ቀረ አሉ። በጥንት ዘመን ምድር ደጋግማ ክፉ ቀን አይታለች፤ ቤት የሚያህሉ አውሬዎች ዘራቸው ጠፍቷል።

«ተክልስ?» አልሁ።

«እሱም ተጎድቷል። ስንቱ የዛፍ ዓይነት ዳግም አልታየም። ግን ብዙው ተርፏል። ላዩ ቢሞት ሥሩና ዘሩ አፈር ውስጥ ደግ ቀን ይጠብቃላ!»

ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ረቡዕ

ከብቶቹ ጠዋት መጡ። አጥሩ በር ላይ ተገተርሁ። አያ ተገኘ የደብሩን የኔታ አስከትለዋል። የድንጋዩን ነገር ነገርኋቸው። የኔታ ተቆጡ፦

«ከጥፋት የተረፈ በኖኅ መርከብ የገባ ብቻ ነው!»

«ይፍቱኝ የኔታ፣ እንስሳውስ ገባ። ርግቧ ያመጣችው የወይራ ቅጠል በማን መርከብ ተሳፍሮ ነበር?»

የኔታ ጢማቸውን ያዙ። «ወይራውስ ውጭ ነው የከረመ» አሉ። «እስከ እሑድ ይቆይለት። ካላቆጠቆጠ ከብቱ ይግባ።»

ዓርብ

ምንም የለም። ጭቃውን ገልጬ ሥሩን አየሁ፤ ነጭ ነው፣ አልበሰበሰም። ባለቤቴ የሺ፣ «ሰው ዛላ ያያል፣ አንተ ሥር ታያለህ» አለችኝ። ግን እሷም ጎንበስ ብላ አየች። የተሰበረውን አገዳ አብረን ከላዩ አነሳንለት።

እሑድ

ከሰንበቴው በኋላ ሁሉም ወደ ማሳዬ ወረደ፤ አያ ተገኘም ከብቱን ነድተው መጡ። ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ ብሏል! ዳር ዳሩ ጨርሶ ሞቷል፤ መሐሉ ግን አለ። አያ ተገኘ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «አረም እንዳይሆን» አሉ።

«አረምም ቢሆን የሞተ አይደለም፣ አያ። ከብትዎን ይመልሱልኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ የኔታም ፈረዱልኝ። ከብቱ ተመለሰ። ዳጉሳው ያፍራ አያፍራ እንጃ። ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ይቀጭጫል። ቢቀጭጭም ቆሞ ነው።

አንዲት ነገር ብቻ። ረቡዕ ዕለት የኔታን የወይራውን ቅጠል የጠየቅሁ እኔ አይደለሁም። የኔታ ሲቆጡ አፌ ደርቆ ቀረ። ከአጥሩ ኋላ ሆና የጠየቀችው የሺ ናት።