የሰፌድ ሜዳው ጭብጨባ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 8 ቀን

ውድ እታለም፣

በስልክ ከአንቺ ጋር ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። እኔ ገና ጉሮሮዬን ሳልጠርግ «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ? በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። አንቺ ባትዘጊው ኔትወርኩ ይዘጋዋል። ደብዳቤ ግን ማንም አይዘጋብኝም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርጊና ደጃፍ ላይ ወጥተሽ፣ ብርሃን ሳለ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ሳልሰናበትሽ ነው የሄድኩት። አራት ወር ሊሞላው ነው። ስሄድ ተናድጄብሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ላመሰግንሽ ነው ብዕር ያነሣሁት። ከንዴት ወደ ምስጋና እንዴት እንደመጣሁ ልንገርሽ። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ግን አታውቂም።

አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወርዶ እዚያው ሌላ ጎጆ ሲቀልስ አምስት ዓመቴ ነበር። የእናቴንማ መልኳንም አላውቀው። አባቴ ታላቅ እህቱን፣ አንቺን፣ «እታለም» ሲልሽ እየሰማሁ እኔም እታለም አልኩሽ፤ አክስቴን እህቴ እያልኩ፣ እናቴ ሆነሽ አሳደግሽኝ። እንግዳ ሰው ሲመጣ ዝምድናችንን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር።

አራተኛ ክፍል ሆኜ ጽሑፌ የሚያምር ልጅ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ። ደብተሬን ለጎረቤቱ ሁሉ ታሳዪልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጣትሽን አንድ መስመር ላይ አሳርፈሽ «ይኸ ምን ማለት ነው?» አልሽኝ። መስመሩ «የአካባቢው ነዋሪ በአካባቢው ጉዳይ የመወሰን መብት አለው» ይላል።

«ሰሌዳው ላይ የነበረ ነው» አልኩሽ።

«ሰሌዳው ላይ የነበረውንማ ሰሌዳውም ያውቀዋል» ብለሽ ደብተሩን ዘጋሽው።

በነጋታው ትምህርት ቤት ሄደሽ ልጄን ለአንድ ዓመት አስቀርቻታለሁ ስትዪ መምህር ማርቆስ ሊያለቅስ ደረሰ። «ኧረ እባክዎ ወይዘሮ ሰርኬ፣ ልጅቷ እኮ ከክፍሉ አንደኛ ናት!» አለሽ። አንቺም «አንደኛ ስለሆነች ነው የማስቀራት፤ አሁን ካልነቃች ማንም አይቀሰቅሳትም» አልሽው። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አፈርኩ፤ ዓመቱን ሙሉም ሳፍር ከረምኩ። አገሩ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው የያዘ፤ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀር ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነዋ። «ሰርኬ ልትድራት ነው» ተባለ። የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛዋ ሳትቀር ልትመረምርሽ መጣች። አንቺ ደግሞ ሳቅሽን ይዘሽ «ማንን አገባለሁ አለችሽ? እስቲ እሷኑ ጠይቂያት» ብለሽ ወደ እኔ ላክሻት። በዘጠኝ ዓመቴ የመንግሥት ሠራተኛ ቁጭ ብላ ሐሳቤን ጠየቀችኝ። ይኸም ትምህርትሽ ነበር ለካ።

ያን ዓመት የዋልኩበትን ቦታ ስቆጥረው ይገርመኛል። ሽማግሌዎች ወይራው ሥር ሰው ሲያስታርቁ ከኋላሽ ቁጭ እላለሁ። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ እጄን ይዘሽ ትሄጃለሽ። መካነ ኢየሱስ ገበያ ስንወርድ ድርድሩንም ክርክሩንም እንድሰማ ታዘገዪኛለሽ። ማታ እራት ላይ ታዲያ ምርመራው ይጀመራል፦ ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? ለምን ዝም አለ መሰለሽ? ነገሩ የሚነካው ሆኖ ሳይጠራ የቀረ ማን አለ? መጀመሪያ የማልመልሰው ይበዛ ነበር። እያደር ግን ከተናገረው ሰው ይልቅ ዝም ያለውን ማየት ለመድኩ።

ተልባውን ደግሞ እንዴት እረሳዋለሁ! ከጓሮ ያለችውን ቁራሽ መሬት «ምን እንዝራባት? ወሳኟ አንቺ ነሽ» አልሽኝ። ባቄላ ትዘሪባት እንደነበር እያወቅኩ ተልባ አልኩ፤ ሰማያዊ አበባው ስለሚያምረኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዳልኩሽ ዘራሽው። አበባው ሲፈካ ሰው ሁሉ አደነቀልኝ። ጾሙ ሲገባ ግን ሽሮ የለም፣ ክክ የለም፤ ሁለት ወር ሙሉ ተልባ በላን። ማልቀስ ስጀምር «አብረን ወሰንን፣ አብረን እንበላለን» አልሽና ጎረስሽ። አሁንም ተልባ አልበላም፤ ግን እታለም፣ በዘጠኝ ዓመቴ አምናኝ የሰጠችኝን ውሳኔ እስከ መጨረሻው አብራኝ የበላች ሰው ሌላ የለኝም።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ስመለስ መምህር ማርቆስን በጥያቄ አሰለቸሁት። ከዚያ ደብረ ታቦር ኮሌጅ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቤት መቀመጥ፣ ከዚያ ቀበሌ ውስጥ በጊዜያዊነት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንቺ ለሰው ሁሉ «ልጄ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች» እያልሽ ስትኩራሪ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የግንቦት ሚካኤሉ ስብሰባ መጣ። ከላይ የመጣው እንግዳ ሁለት ሰዓት ተናገረ። ሰፌድ ሜዳን፣ ያን የጋራ ግጦሻችንን ከነምንጩ፣ አንድ ባለሀብት ለከብት ማድለቢያ እንደጠየቀው፣ ለወጣቱ ሥራ እንደሚከፈት አስረዳ። ሰማዩ ጠቆረ። አቶ ደሳለኝ በሊቀመንበርነቱ ተነሥቶ «እንግዳችንን እናመስግን» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ካፊያው ወረደና ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። አንቺ ያን ቀን ጥርስሽን ታመሽ ቤት ተኝተሻል።

እኔ ቢሮ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ። የቀድሞውን መዝገብ ገለጥኩ። የሁሉም ስብሰባ ማብቂያ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሐሳቡ ለተሰብሳቢው ቀርቦ በሙሉ ድምፅ በጭብጨባ ጸድቋል።» በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ ገለበጥኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ጻፍኩ፣ በቃ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰፌድ ሜዳ ላይ ችካል ተተከለ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ቀበሌ መጣ። አቶ ደሳለኝ መዝገቡን ገልጦ ሲያሳያቸው የራሴን ጽሑፍ አየሁት። ከብቱ የት ይሂድ? ውኃውስ ከየት ይቀዳ? ያ ሁሉ ሰው ከእኔ አንድ መስመር የተነሣ ሜዳውን ሊያጣ ነው።

ወደ ቤት ስመጣ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል። «ማን ጻፈው?» አልሽኝ። «እኔ» አልኩሽ። ትጮኺብኛለሽ ብዬ ነበር፤ ብትጮኺ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን «ሕዝቡ እንደገና እንዲሰበሰብ ማመልከቻ ይጻፋል። እሱን መምህር ማርቆስ ይጽፈዋል። የአንቺ ድርሻ ሌላ ነው» አልሽኝ። ድርሻዬ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። እኔም ስለማውቀው አልጠየቅሁሽም።

ስብሰባው ለሰኔ ሚካኤል ተጠራ። በዋዜማው አቶ ደሳለኝ ቢሮ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይም ከታችም የሚጠየቀው እሱ ነው። «ዕፀገነት፣ ቅጥርሽ ሐምሌ ላይ ቋሚ ይሆናል። ነገ አንብቢ ስልሽ አንብበሽ ቁጭ በይ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነው» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ? እሺ ብዬው ወጣሁ። በልቤም «እታለም አለች፤ እሷ ተነሥታ ታፋጥጣቸዋለች» አልኩ። ሙሉ ተስፋዬ አንቺ ነበርሽ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይራው ሥር ሰው ጢም ብሎ ሞላ። አነበብኩ። ያቺንም መስመር ሳልዘል አነበብኳት። አቶ ደሳለኝ «ሰምታችኋል፤ የጻፈችውም የራሳችሁ ልጅ ናት» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አንቺን ማየት ጀመረ። አንቺ እኮ ስብሰባ ላይ ዝም ብለሽ አታውቂም! ስንቱን ተናጋሪ በጥያቄ ላብ በላብ ያደረግሽ ሴት ነሽ። ያን ቀን ግን አንገትሽን ደፍተሽ ሣሩን ታያለሽ። አየሁሽ። እንደገና አየሁሽ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳይሽ ከወዳጅሽ ከመቅደስ ጋር የምትንሾካሾኪ መሰለኝ፤ ያኔ ጠላሁሽ። ሌላ ቃል የለኝም እታለም፤ በቆምኩበት ጠላሁሽ። ሰው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆሞ ያሳደገው ሰው ፊቱን ሲያዞርበት እንዴት ነው የማይጠላ?

ከዚያ አፌ ተከፈተ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይኸ መስመር ውሸት ነው» አልኩ። «ያን ዕለት ትስማማላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃችሁ ሰው የለም። ጭብጨባው እንግዳውን ለማመስገን ነው። እኔ ከድሮ መዝገብ ገልብጬ ነው ጸደቀ ብዬ የጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። መጀመሪያ የተነሡት መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ «ልጄ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ካባዬን ሳልይዝ ዝናቡ መጣብኝ፤ ቶሎ ይጨርሱልን ብዬ በርትቼ ነው ያጨበጨብኩ» አሉ። ሳቁ ፈነዳ። አያ አንዳርጌ ደግሞ «እኔስ ተኝቼ ነበር፤ ጭብጨባው ሲቀሰቅሰኝ ሰው ያደረገውን አደረግሁ» አለ። አንዱ እንግዳ ሳይጨበጨብለት መሸኘት ነውር ነው ብዬ ነው አለ፣ ሌላው ጎረቤቴን አይቼ ነው አለ። አገር በሙሉ የጭብጨባውን ንስሐ ገባ። ከዚያ አቶ ደሳለኝ ሳይወድ በግዱ እጅ እንዲወጣ አደረገ። ሜዳው ይሰጥ ያሉ አሥራ አንድ፣ አይሰጥም ያሉ መቶ ስድሳ ሦስት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ አንዱንም ሳልደብቅ ጻፍኳቸው፤ ሥራ የሚሹ ልጆች ያሏቸው ናቸው፣ እነሱም ምክንያት አላቸው።

ስብሰባው ሲበተን አቶ ደሳለኝ መዝገቡን ከእጄ ተቀበለኝ። «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። አንቺ መጥተሽ «ራበሽ?» አልሽኝ። ሥራዬን አጥቼ፣ በአገር ፊት ውሸታም ነኝ ብዬ፣ አንቺ ራበሽ ትዪኛለሽ! «አንቺ የት ነበርሽ?» ብዬሽ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መኪና መንገድ ወጣሁ።

እዚህ ንፋስ መውጫ የኮሌጅ ጓደኛዬ ራሄል ኮፒ ቤት አላት። እሷ ታባዛለች፣ እኔ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሚነግሩኝን ከጻፍኩ በኋላ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ሰውየው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩ» ካላለኝ አልሰጥም። ባለፈው አንድ የስማዳ ገበሬ አራት ጊዜ አስቀየረኝና በመጨረሻ «የራሴን ድምፅ ሰማሁ» ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱ የአንቺ ነው፤ እኔ አደራ ተቀባይ ነኝ። ሰፌድ ሜዳ ላይ ችካሉ እንደተነቀለ፣ አሁን ደግሞ ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ሳያልቅ ሕዝቡ አንበተንም እንደሚል ሰምቼ እዚሁ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ቂሜ አልወጣልኝም ነበር። ባለፈው ሰኞ መቅደስ ለለቅሶ ወደዚህ መጥታ አገኘችኝ። «አክስትሽ ዝም አለችኝ» ስላት አፍጥጣ አየችኝ።

«ዝም አለችኝ ትያለሽ? በዋዜማው ቤቴ ድረስ መጥታ 'ነገ አጠገቤ ተቀመጪ። ልጅቷ ስትጨነቅ እነሣለሁ፤ ስነሣ ነጠላዬን ጎትተሽ አስቀምጪኝ። እኔ ከተናገርኩላት ዕድሜ ልኳን እኔን ስታይ ነው የምትኖር' አለችኝ። ሦስት ጊዜ ልትነሣ ሞከረች። ሦስት ጊዜ ጎተትኋት። በሦስተኛው ጥለቱ ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ።»

እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ያስተማርሽኝን ሁሉ ሳመሰግን ከርሜ ትልቁን ሳላውቀው ነበር። ለእኔ መናገር ለአንቺ ምን ያህል ቀላል እንደነበር አውቃለሁ። ዝም ማለቱ ምን እንዳስከፈለሽ ግን አሁን ገና ገባኝ። ስለጠላሁሽ ይቅር በዪኝ። ስለጎተተችሽም መቅደስን እግዚአብሔር ይስጣት።

ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ። መቅደስ አሁንም ያንኑ ነጠላ ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄጂ ነግራኛለች። እንዳትሰፊው፣ ለማንም እንዳትሰጪው፤ መርፌና ክሩን ይዤ መጥቼ እኔው እሰፋዋለሁ። እስከዚያው እንደተቀደደ ልበሺው። ምን ቀደደው ብሎ የጠየቀሽ ካለ፣ ልጄን ሳሳድግ ነው በዪው።

ያሳደግሽኝ
ዕፀገነት