ስለ ግራኙ ወርዋሪ የጻፍኩት አንድ ገጽ

ኖቬምበር 6፣ ሰኞ

በረዶ። ፉትሂልስ፣ ሥራ ቦታ፣ ለመድረስ አምሳ ደቂቃ ፈጀ። ዛሬም ሁለት ሾፌሮች ሥራ ለቀቁ፤ ሁለቱም ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ዘይቱ ሥራ። አንደኛው የትራኩን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ሶሪ» ብሎ ወጣ። በአንድ ወር ሰባት ሰው። ዲስፓቸር ማለት ድሮ መኪና መመደብ ነበር፤ አሁን ሰው ማሳደድ ሆኗል።

ከሰዓት ዳግ ደወለ፣ የቤዝቦል ክለቡ ሥራ አስኪያጅ። ሚስቴ ሽታዬ ስሙን «ደግ» ነው የምትለው። አላርማትም፤ ብዙም አልተሳሳተች። እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ለሊጉ የተጫዋቾች ዝርዝር መላክ አለበት። ሃያ ሁለት ሰው። ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት፣ ማን በማን ይለወጥ… ትኬት ገዝቶ የሚገባው ሰው የማያየው ሥራ።

የኔ ድርሻ ቁጥሩ ነው። ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ስታዲየሙ በር ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ አንድ ቀን ዝም ብዬ ገባሁ። ጨዋታው አልገባኝም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ እያንዳንዷን ውርወራ ይጽፋል። ጨዋታውን ትቼ እሱን ሳይ አመሸሁ። ደሴ ሒሳብ ሳስተምር የነበርኩት ሰውዬ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ሽማግሌው ሲሞት መዝገቡ ለኔ ደረሰ። ይኸው ስድስት ዓመት። ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም።

ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ

ከሃያ ሁለቱ ቦታ የተሞላው አሥራ አራቱ ብቻ። ካቸሩ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ልጅ፣ ፎርት ማክመሪ፣ ዘይቱ ጋ፣ ገብቷል። አይመለስም። አልፈረድኩበትም። ሌላው ቤት ካላገኛችሁልኝ አልመጣም ብሏል። በዚህ ከተማ አሁን ባዶ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት እንኳ፣ ማን አለው?

የትልቅ ከተማ ክለብ ተጫዋች ይገዛል። እንደኛ ያለው አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይቀበላል። ከሚወዱት ላይ ካልቀነሱ የጎደለው አይሞላም።

ኖቬምበር 18፣ ቅዳሜ

ቸስተርሚር፣ ዳግ ቤት። ሐይቁ በረዶ ሆኗል፤ ሰው በላዩ ላይ ይሄዳል።

ከካሊፎርኒያ ከአንድ ክለብ ጥያቄ መጥቷል። ጥሩ ካቸር ይሰጡናል። በምትኩ ግራኝ ወርዋሪ ይፈልጋሉ። ቅዱስን።

ቅዱስ አብራን የምታመልከው የዘሪቱ ልጅ ነው። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዶ ዶቨር ሰፈር ያደገ፣ ሃያ አራት ዓመቱ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዳግ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ፒቸር» ነው ብል የገባው ስላልነበረ «ወርዋሪ» አልኳቸው። አንድ አባት «እንደ ዳዊት» አሉ። በዚያው ቀረ።

ዳግ ስለ ልጁ አንድ ገጽ ጻፍልኝ አለ። የካሊፎርኒያዎቹም ያነቡታል። አንተ ከጻፍከው ሐኪም ማየት አያስፈልጋቸውም፣ ብሎ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ኖቬምበር 19፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ቅዱስን ወደ ቤቱ አደረስኩት። ስለ ካሊፎርኒያው ሰምቷል። እዚያ ከትልልቆቹ ክለቦች ሰዎች እየመጡ ያያሉ፤ እዚህ ማን ይመጣል? መንገዱን ሙሉ ስለዚያ አወራ።

በራቸው ላይ ስንደርስ አልወረደም። ክርኑን ያመዋል። የግራውን። ከኦገስት ጀምሮ። አንዳንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። እናቱም አታውቅም።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ አይጻፉት። ላይክ… ዊንተሩን ካረፍኩ ይድናል። ዋን ቻንስ ነው ያለኝ።»

ሜዳ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው አልኩት። ፊቱ በራ። እሺ አላልኩትም እኮ። እምቢም አላልኩትም።

ኖቬምበር 21፣ ማክሰኞ

ገጹ አልተጻፈም። ሥራ በዝቶ ነው… ሥራ አልበዛም።

ኖቬምበር 23፣ ሐሙስ

ጻፍኩት። እስከ ጁላይ መጨረሻ ከክለቡ ወርዋሪዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ከኦገስት ወዲህ ግን ኳሱ ከመስመር እየወጣ በነፃ ያሳለፋቸው መቺዎች እጥፍ ሆነዋል። ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ከመዝገቤ።

እዚህ ላይ ምክንያት ያስፈልጋል። አንባቢ ለምን ማለቱ አይቀርም። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «ድካም ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ።

ሊሆን ይችላል… ይሄ ውሸት ነው?

ሽታዬ ምን ሆነሃል አለችኝ፤ ነገርኳት። ክርኑን እኔ አላየሁትም፣ ያላየሁትን ደግሞ አልጽፍም አልኳት።

«ሰምተሃል ግን» አለች። ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ኖቬምበር 24፣ ዓርብ

ገጹን ከቢሮ ፋክስ አደረግኩት።

ዲሴምበር 4፣ ሰኞ

ልውውጡ ጸደቀ። ካቸሩ ዌስሊ ይባላል። ከዝርዝሩ አንድ ስም ሰረዝኩ፣ አንድ ስም ጨመርኩ። ዳግ ደስ ብሎታል። ገጽህ ነው የጨረሰልን አለኝ።

ዲሴምበር 10፣ እሁድ

ፓስተሩ ቅዱስን ወደ ፊት ጠርቶ ጸለየለት። ጉባኤው እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም።

ስንወጣ ዘሪቱ ኮት መስቀያው ጋ ጠበቀችኝ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሆቴል ክፍል እያጸዳች ነው ያሳደገችው።

«ወንድም ገረመው፣ ይሂድ ትላለህ?»

ቁጥሩ ጥሩ ነው አልኳት።

«ቁጥሩን አልጠየቅኩህም።»

ሰው መጣ። ኮቷን አውርጄ ሰጠኋት። መልስ አገኘሁ ብላ ይሆን የሄደችው? እንጃ።

ጃንዋሪ 13፣ ቅዳሜ

ቺኑክ፣ ያ የክረምት ሞቃት ነፋስ። ጠዋት ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፣ ከሰዓት ከዜሮ በላይ ስድስት። ራስ ምታት።

ቅዱስ የሚለማመድበት ጂም ሄድኩ። አሥራ አምስት ኳስ ወርውሮ በቃኝ አለ። ቦርሳውን በቀኝ እጁ አነሳ። የመኪናውን በር በቀኝ እጁ ከፈተ። ቀበቶውን በቀኝ እጁ ስቦ አሰረ። ግራኝ እኮ ነው።

አሁን አየሁ እንግዲህ።

ለዳግ መደወል አምስት ደቂቃ ነው። ምን እላለሁ? ተሳስቼ ነበር? አልተሳሳትኩም።

ጃንዋሪ 14፣ እሁድ

አልደወልኩም።

ማርች 17፣ ቅዳሜ

ዌስሊ ቀድሞ መጣ፣ ከሚስቱ ጋር። ነፍሰ ጡር ናት። ከስንት ፍለጋ በኋላ ዶቨር አንድ ቤዝመንት ተገኘ። ፍራሻቸውን ደረጃውን ያወረድነው እኔና ዳግ ነን። ትሑት ሰው ነው። ክለባችን እንደፈለገው በመስማቱ ደስ እንዳለው ነገረኝ። እሱን ለማምጣት ብለን የኛን ጥሩ ወርዋሪ መስጠታችንን ሰምቶ ኮርቷል።

ኤፕሪል 28፣ ቅዳሜ

ኤርፖርት። ዘሪቱ አላለቀሰችም። ቅዱስ አቀፈኝና በጆሮዬ «ታንክ ዩ ጋሼ» አለ።

ያመሰገነኝ ላልጻፍኩት ነገር ነው።

ሜይ 15፣ ማክሰኞ

ዳግ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ቅዱስ የልምምድ ጨዋታ ላይ ነበር አሉ። ዘጠነኛዋ ኳስ። ከእጁ ስትወጣ የክርኑ ድምፅ ካቸሩ ጋ ድረስ ተሰምቷል። ጅማቱ ተበጥሷል። የዚያ ሐኪም ጉዳቱ አሮጌ ነው ብሏል፤ ወራት የቆየ።

ስልኩን ዘግቼ ስድስት ትራክ መደብኩ። አንዱን ወደ ኤድመንተን መላክ ሲገባኝ ወደ ሬጃይና ላክሁት።

ሜይ 17፣ ሐሙስ

ስታዲየሙ ሥር፣ ዳግ ቢሮ። ገጼ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጣቱን «ድካም» የሚለው ላይ አድርጎ ታውቅ ነበር ወይ አለኝ።

አውቅ ነበር አልኩት። ከመቼ ጀምሮ? ከኖቬምበር፣ ከመጻፌ በፊት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እንደምል አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ልጁ ለምኖኝ ነው ልል ነበር። አለመጠየቁ በጀኝ። እሱንም ደግሞ ልጁ ላይ ላላክክ ነበር።

«ቁጥሩን አይደለም ያመንኩት፣ አንተን ነው» አለ። ሳይጮህ።

መዝገቡን እቀጥላለሁ፤ ሌላ የሚይዝለት ሰው የለም። ስለ ተጫዋች ግን ከእንግዲህ ምንም አልጽፍም። ያሉትን ዝርዝሮች በሙሉ አስረክቤ ወጣሁ።

ሜይ 20፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ዘሪቱ ቤት ሄድኩ። ቅዱስ ገና አልመጣም። ከመቀመጤ በፊት ነገርኳት፤ መኪና ውስጥ ያለኝን፣ የጻፍኩትን፣ ጃንዋሪ ላይ ያየሁትን።

«ያን ቀን ኮት መስቀያው ጋ ጠይቄህ ነበር።»

አዎ አልኳት። ተቀመጥም አላለችኝም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ሜይ 24፣ ሐሙስ

ጉዳቱ ተደብቆ ነበር ብሎ ሊጉ ልውውጡን አፈረሰው። ዌስሊ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ዕቃ ሲጭኑ ልረዳ ሄድኩ። ስለ ገጹ ነገርኩት። ሳጥኑን መኪናው ላይ አስቀመጠና አየኝ። ከዚያ ሌላ ሳጥን ሊያመጣ ገባ። ሚስቱ አልሰማችም፤ ሲሄዱ በመስኮት እጇን አነሳችልኝ።

ሜይ 26፣ ቅዳሜ

የመክፈቻ ጨዋታ። በተውሶ ካቸር ነው የገባነው። ዘጠኝ ለሁለት ተሸነፍን። ሁሉንም ጻፍኩ።

ጁን 3፣ እሁድ

ቅዱስ ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ተቀምጦ አየሁት፣ ግራ እጁ ታስሮ። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ዘሪቱ ግን መጣች። ማክሰኞ ሐኪም ቀጠሮ አለው፣ እኔ ሺፍት ላይ ነኝ አለችኝ። እወስደዋለሁ አልኳት። «እሺ» አለች። ቤቷ ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ጁን 5፣ ማክሰኞ

የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ቅዱስ የኋላ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ከፊት ገባ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ይቅርታ ጠየቅኩት። አጥንቼው ነበር፤ ሲወጣ አጭር ሆነ።

«እኔ ነኝ አይጻፉ ያልኩት፣ ጋሼ» አለ።

ልጅ ነህ፣ መለመን ያንተ ነው፤ እምቢ ማለት የኔ ነበር አልኩት። በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ከዚያ፣

«ዩ ኖው… ጓደኞች ነበሩኝ። ለነሱ አልነገርኩም። ለማሚም። ለርስዎ ለምን የነገርኩ ይመስልዎታል?»

አላውቅም አልኩ።

«የሚጽፉት እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋ። ነዳሁ። ቅዱስ ፊቱን በደህናው እጁ ጠረገ። ሬዲዮ ልክፈት አለኝ፤ ክፈት አልኩት፤ አልከፈተም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሌላ ጊዜ ቢሆን ውጭ እጠብቅ ነበር። ካልጠላህ ልግባ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮምፒዩተሯን እያየች ነው የምትጠይቀው። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ መወርወር ይችል እንደሆነ አሁን ማወቅ አይቻልም። ሕመሙ መቼ ጀመረ አለችው። ቅዱስ ጉልበቱን አየ። እንደገና ጠየቀችው፤ ሜይ ላይ ነው ወይ?

አይደለም አልኳት። ባለፈው ኦገስት ነው የጀመረው። እኔ ያወቅኩት ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እሁድ፣ እሱ ራሱ ነግሮኝ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አንተ ምኑ ነህ አለችኝ።

«አጎቴ ነው» አላት ቅዱስ።

ጻፈችው።